የሳጅን ሀረገወይን የአስተያየት ሳጥን

ሳጅን ሀረገወይን ገዛኸኝ ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ይህን እምነት የወረሰችው ከአባቷ ነው። ጋሼ ገዛኸኝ ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ማመልከቻ የጻፉ ናቸው። ቤታቸውም ውስጥ ቢሆን ልጅ መጥቶ ሲያለቃቅስባቸው "እስኪ ጻፊውና አምጪው" ይሉ ነበር። ሀረገወይን በሰባት ዓመቷ "ለአባቴ ለአቶ ገዛኸኝ፤ ጉዳዩ፦ ጫማ ስለመጠየቅ" ብላ የጻፈችውን ወረቀት እናቷ እስከ ዛሬ አስቀምጠውታል። ጫማው የተገዛው በሁለተኛው ማመልከቻ ነው። የመጀመሪያው ላይ ቀን አልተጻፈበትም ነበር።

እኔ እሷን ያወቅኋት ወደምሠራባት ከተማ ወደ ሁሩሙ ስትመጣ ነው። የቀበሌው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የእኔ ክፍልና የእሷ ክፍል በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ደግሞ በግድግዳው ሰምቻለሁ።

ከዚያ በፊት መቱ ላይ ትራፊክ ነበረች። ስለዚያ ዘመኗ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ባሏ መምህር ቢኒያም በየሠርጉና በየክርስትናው የሚያወራውን አንዱን ብቻ ልናገር። ቢኒያም ሽማግሌ ወደ ቡሬ የላከ ቀን እሁድ ነበር። እሷ እስከ ቀትር ተረኛ ነች። ከመቱ መውጫ ላይ አንድ ሚኒባስ አስቆመች፤ ትርፍ ጭኗል። ሦስት ሰዎች በሁለት መቀመጫ መካከል እንደ ጆንያ ታጭቀዋል። "ትርፍ የሆናችሁ ውረዱ" አለች። ከሦስቱ አንዱ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት "ልጄ፣ ለትልቅ ጉዳይ ነው የምንሄደው" ብለው ለመኗት። "አባቴ፣ ትልቅ ጉዳይ በሕይወት ሲደረስ ነው" አለቻቸውና አወረደቻቸው። ሾፌሩንም ከሰሰችው። ሽማግሌዎቹ ሌላ መኪና ሲጠብቁ ዋሉና ቡሬ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አቧራ ለብሰው ነው። ጋሼ ገዛኸኝ "ምነው ዘገያችሁ?" ሲሏቸው ስለ አንዲት ክፉ ትራፊክ ማውራት ጀመሩ። ገና ወሬው ሳያልቅ ሀረገወይን ልብሷን ቀይራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እጅ ልታስታጥብ ገባች።

"ይቺው ናት!" አሉ ባለጋቢው።

ጋሼ ገዛኸኝ ነገሩ እዚያው የፈረሰ መስሏቸው ነበር። ባለጋቢው ግን እጃቸውን ታጥበው፣ አደረቁና፣ "የመንግሥትን ሕግ ያላፈረሰች የባሏን ቤት አታፈርስም። ስጡን" አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት በ2005 ዓ.ም. የሳጅንነት ማዕረግ አግኝታ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ተብላ ወደ ሁሩሙ የተዛወረችው። ሥራው ከትራፊክ በጣም ይለያል። ትራፊክ ሰው ያስቆማል፤ የማኅበረሰብ ፖሊስ ግን ሰው በቆመበት ሁሉ አብሮ መቆም አለበት። ቡሬ ተወልዳ ስላደገች ኦሮምኛዋ እንደ አማርኛዋ ነው፤ ስትቆጣ በአንዱ ጀምራ በሌላው ትጨርሳለች። በቋንቋ በኩል ችግር አልነበረባትም። ችግሯ ደብተሯ ነበር።

የሁሩሙ ሰው ወሬ አይነፍግም። ጠዋት ከቤቷ እስከ ቢሮዋ ያለውን የአሥር ደቂቃ መንገድ በሰላምታ ብቻ አንድ ሰዓት ትፈጅበት ነበር። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን አጥር እንደተገፋ፣ ገበያ ላይ ማን ማር ውስጥ ስኳር እንደሚቀላቅል፣ ሁሉም እንደሚያውቅ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። እሷ "አንድ ጊዜ ይቆዩ" ብላ ደብተሯን ከኪሷ ስታወጣ ግን አፍ ሁሉ ይዘጋል። "እኔ እኮ ምንም አላልኩም፣ ሳጅን። ነጋቲ!" ይላል ሰውየው፤ ሰላም ሁኚ ማለቱ ነው። ይሄዳል።

ከቢሯችን ፊት ለፊት ሻይና ቦንቦሊኖ የሚሸጡት እትዬ ሙፊዳ ይህን ሲያዩ ከረሙ። ወላጆቻቸው ከወሎ የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ የሸበቱ ናቸው። አንድ ቀን ሻይ ሲቀዱላት እንዲህ አሏት፦

"ልጄ፣ አንቺ ደብተር ስታወጪ ለሰው የሚታየው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ምን ይታያቸዋል፣ እትዬ ሙፊዳ?"

"ማረሚያ ቤት ነዋ! ነገ 'እገሌ ነው የነገረኝ' ትይና ከጎረቤት ጋር ታጣያቸዋለሽ።"

ሳጅን ሀረገወይን ሌሊቱን አሰበችበት። ጠዋት መልሱን ይዛ መጣች፤ የአስተያየት ሳጥን። ሰው ስሙን ሳይጽፍ፣ ማንም ሳያየው፣ ጥቆማውን በቀዳዳው ይከታል። በየሳምንቱ አርብ በሁለት ምስክሮች ፊት ይከፈታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እሷ ዘንድ ይሆናል።

ሳጥኑን እንዲሠሩ ጋሼ አሊ ታዘዙ። ጋሼ አሊ በከተማው ያሉት ብቸኛ አናጺ ቢሆኑም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ዘመናዊ የንብ ቀፎ በመሥራት ነው። በር ሥሩልኝ ቢሏቸው እንኳ ቀፎ የሚመስል በር ይሠራሉ ይባላል። ልክ በሳምንቱ ሳጥኑን በጋሪ አስጭነው መጡ። ለሁለት ሰው ሸክም ነው።

"ጋሼ አሊ፣ ይሄ ምንድነው?" አለች ሳጅን።

"ያዘዝሽኝ ነዋ። የአስተያየት ሳጥን።"

"እኔ እኮ ወረቀት የሚከተትበት ነው ያልኩዎት። በዚህ ውስጥ ፍየል ይገባል!"

"አስተያየት ቢበዛስ?" አሉ ጋሼ አሊ፣ ምንም ሳይደነግጡ። "ደግሞ ጣውላውን እዪው። ዋንዛ ነው። ውስጡን በሰም አሽቼዋለሁ፤ ዝናብ አያስገባም፣ ምስጥ አይበላውም።"

ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ "የሕዝብ አስተያየት መስጫ" ተብሎ ተጽፎበት፣ በቢሮው ግድግዳ ላይ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር በብረት ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ወራት የማስታውሳቸው በፊርማዬ ነው። ምስክሮቹ እኔና እትዬ ሙፊዳ ነበርን። አርብ አርብ ሳጅን ዩኒፎርሟን አስተካክላ ቁልፉን ታወጣለች፤ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን እናያለን። አንድ ጊዜ ያረጀ የአውቶቡስ ትኬት ተገኘ። አንድ ጊዜ ለጤና ጣቢያው የተጻፈ፣ ስለ ወገብ ሕመም የሚያወራ ደብዳቤ ነበር፤ ሳጅን በእጇ ወስዳ አደረሰችው። ከዚያ በኅዳር ወር፣ በመጨረሻ፣ በአራት የታጠፈ እውነተኛ አስተያየት ገባ። ሳጅን በደስታ ገለጠችው። "ሳጅን፣ ሳጥኑ ትልቅ ነው" ይላል።

መዝገብ ላይ አስተያየት ቁጥር አንድ ብላ አሰፈረችው፤ እኛም ፈረምን።

ጥር ገባ። ግራዋው አብቦ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ዕለቱ የገበያ ቀን ነው፤ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከገበያው በኩል እንደ ወፍጮ ቤት ያለ ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሏል። ሽንኩርት ሻጩ ሽንኩርቱ ላይ ተኝቷል። ከሰዎቹ አናት በላይ ጥቁር ደመና የመሰለ የንብ መንጋ እየተጥመለመለ መጣና፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የእትዬ ሙፊዳን ሻይ ቤት አልፎ፣ እኛ ግድግዳ ላይ ደረሰ። ትንሽ አመነታ። ከዚያ በሳጥኑ ቀዳዳ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ጨዋ ሰልፍ ይዞ ይገባ ጀመር።

ከመንጋው ኋላ ኦቦ ደበሳ ይሮጣሉ። ሽምግልና የጀመራቸው ገበሬ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሰቀሏቸው ቀፎዎች ቁጥር ለራሳቸውም አይታወቅም ይባላል። በአንድ እጃቸው ጫማቸውን ይዘዋል፣ በሌላው አፈር እየበተኑ "ካኒሳኮ! ካኒሳኮ!" ይላሉ፤ ንቤን፣ ንቤን።

ሳጅን በሩ ላይ ብቅ አለች። ንብ እንደምትፈራ ከባሏ በቀር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ከበሩ መቃን አንድ እግሯን እንኳ ሳታሻግር ስትናገር ሳይ ገባኝ።

"ኦቦ ደበሳ፣ ምንድነው?"

"ንቤ ነው። ከቤቴ ጀምሮ ዓይኔን ሳልነቅል ነው የተከተልኩት። በአገራችን ልማድ በዓይን የተከተለ ባለቤት ነው። ትንሽ ጭስ ላጭስና ላውጣው።"

"በሳጥኑ ላይ ጭስ?" አለች ሳጅን። "ውስጡ የሕዝብ ምስጢር ያለበት ሳጥን ነው! ቢቃጠልስ?"

"ሳጅን" አሉ ኦቦ ደበሳ በትሕትና፣ "በአራት ወር አንድ ወረቀት እንደገባ አገሩ ያውቃል። እሱንም አውጥተሽዋል።"

በዚህ መሐል ጋሼ አሊ መጋዝ እንደያዙ ደረሱ። ሳጥኑን አዩት፤ ቀዳዳው ላይ እንደ ዘበኛ የቆሙትን ንቦች አዩ፤ ፊታቸው በራ።

"ንቡ የደበሳ ሊሆን ይችላል" አሉ። "ቤቱ ግን የእኔ እጅ ሥራ ነው። ከዚህ እስከ ኖፓ ስንት ባዶ ቀፎ አልፎ ነው የመጣው! ማንም እንዳይነካው። ሰው ሁሉ መጥቶ ይየው።"

"ሳጥኑ የመንግሥት ነው" አለች ሳጅን። "የሚከፈተውም አርብ በሁለት ምስክሮች ፊት ነው።"

አርብ ደረሰ። ሁለታችንም ምስክሮች ታመምን።

ሳጅን እንደ ሕጉ ለወረዳ ሪፖርት ጻፈች። መልሱ ሳይመጣ ሲቀር ስልክ ደወለች። በዚያን ዘመን ንብ የምርጫ ምልክትም እንደነበረች አንባቢ ያስታውሳል። እኔ በግድግዳው በኩል የሰማሁት የእሷን ወገን ብቻ ነው፦ "አዎ፣ ንብ ነው። ሳጥኑን ይዞታል። ... እንዴት ይዞታል ማለት? ገብቶበታላ! ... ኧረ አይደለም፣ እውነተኛው ንብ፣ የሚናደፈው! ... ሃሎ?" ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሳጅን፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በስልክ ባንነጋገር ይሻላል" ብሎ ዘግቶባታል።

እንዲህ ሆኖ ንቡ ቀረ። ሰውም ሊያይ ይመጣ ጀመር። ከሁሩሙ ብቻ አይደለም፤ ከመቱ የሚመለሱ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ከሚኒባስ ወርደው፣ እትዬ ሙፊዳ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው፣ "ፖሊስ ጣቢያ የገባው ንብ ይሄ ነው?" ይላሉ። እትዬ ሙፊዳ በቀን ሁለት ጊዜ ቦንቦሊኖ መጥበስ ያዙ።

ከዚያ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። አንድ ማለዳ አንድ ገበሬ የሳጅንን በር አንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ገባና እንዲህ አለ፦

"ሳጅን፣ እኔ እንኳ ለሳጥኑ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። አሁን ንብ ስላለበት እንዴት ልጠጋ? ስለዚህ በቃሌ ልንገርሽ።"

ሰውየው መጻፍ አይችልም። ሳጅንም ታውቃለች። እጇ ወደ ደብተሯ ሄደ፤ መሐል ላይ ግን ቆመና ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። "ይቀመጡ" አለችው። ከማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና እየዘገነ የሚሄደው ማን እንደሆነ ነገራት። ሲወጣ ለእትዬ ሙፊዳ ደንበኞች፣ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣ "ምን ላድርግ፣ ሳጥኑ ንብ አለበት!" አላቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፤ ምን ያድርግ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯ ሥራ አልፈታም። ሁሉም በአንድ ቃል ነው የሚጀምረው፦ "ልጽፍ ነበር፣ ንቡ ከለከለኝ።" ለፖሊስ መናገር ጎረቤትን ማሳጣት ነበር፤ ንብ ፈርቶ በቃል መናገር ግን ማንንም አያሳፍርም። ስለ ውኃ መውረጃ የሚጣሉ፣ ጎረምሳ ልጃቸው ያስቸገራቸው፣ ስኳር የተቀላቀለ ማር የገዙ፣ ሁሉም መጡ። የቡናውን ሌባ ሳጅን አላሰረችውም፤ ከአባቱና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አስቀምጣ አነጋገረችው፤ ወዲያው በሳምንቱ የሰው ቡና የሚጠብቅ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ማታ ማታ ቤቷ ስትገባ፣ ራት ሳትበላ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ የሰማችውን ሁሉ ከነቀኑ ትጽፍ እንደነበር ቢኒያም ነግሮኛል። "አንድ ቃል እንዳይጠፋባት ከቢሮ እስከ ቤት ለሰው ሰላምታ ሳትመልስ ነው የምትመጣው" አለኝ።

የካቲት መግቢያ ላይ የስድስት ወር ግምገማ ደረሰ። ከመቱ ኢንስፔክተር ሌንጮ የሚባል ይመጣል ተባለ። ሰውየው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በቅጹና በሽቶው። ከቅጹ አንዱ ጥያቄ "በአስተያየት ሳጥን የተሰበሰበ ጥቆማ ብዛት" የሚል ነበር።

ሳጅን ኦቦ ደበሳን አስጠራችና፣ ዱላ የሚያህል ኩራቷን ውጣ፣ "ይውሰዱልኝ" አለቻቸው።

"አሁን?" አሉ ኦቦ ደበሳ። "አሁንማ እንጀራውን ሠርቷል፣ ልጁን አስቀምጧል። አሁን ከነቀልኩት ይሞታል። ሚያዝያ ላይ ና በይኝ።"

ጋሼ አሊም "ገና ከጎሬ የሚመጡ ሰዎች አላዩትም" ብለው እንቢ አሉ።

ኢንስፔክተር ሌንጮ ጠዋት በአራት ሰዓት መጣ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ዩኒፎርሙ እንደ ምላጭ የተተኮሰ ነው፤ ሽቶው ከእሱ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ይገባል። ሳጅን ጉዳዩን በሥርዓት አስረዳችው። እሱ ሳያቋርጣት ሰማና ፈገግ አለ።

"ሳጅን፣ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ባዶ ሳጥን ላለማሳየት ቁልፍ ጠፋ ያለኝ አለ። አይጥ በላው ያለኝ አለ። ንብ ግን አዲስ ነው።"

"ኢንስፔክተር፣ እባክዎ አይጠጉ።"

"እስኪ እናያለን" አለና ወደ ሳጥኑ ሄደ። ከዚያም ሰው ቤት እንደሄደ እንግዳ፣ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ተከፈተለት።

የመጀመሪያዎቹ ንቦች ሽቶውን እንዳገኙ እንደ ጠላት ነው የተቀበሉት። ኢንስፔክተሩ ቅጹን ወርውሮ፣ ባርኔጣውን ጥሎ፣ ባለበት መሽከርከር ጀመረ። እኔ የመጀመሪያው ሯጭ ነበርኩ፤ አላፍርበትም። ከሻይ ቤቱ በር ዞሬ ሳይ ግን ንብ ስትፈራ የኖረችው ሳጅን ሀረገወይን ወደ ንቡ ትሮጣለች። ጃኬቷን አውልቃ ኢንስፔክተሩ ራስ ላይ ጣለችበት፣ በክርኑ ያዘችው፣ መንገዱን አሻገረችው። አፍንጫዋ ላይ ሁለት፣ አንገቷ ላይ አንድ፣ ጣቷ ላይም አንድ ተነደፈች። እትዬ ሙፊዳ በሩ ላይ ባዶ የቡና ጆንያ ዘርግተው ጠብቀው ኢንስፔክተሩን ከነጃኬቱ ጠቀለሉትና ጥግ አስቀመጡት። "እንዳይንቀሳቀስ!" አሉ። በር ተዘጋ፣ መስኮት ተዘጋ፣ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተጠቀጠቀ።

እንዲህ ሆነን ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ሳጅን፣ እኔ፣ ግርግሩን ሰምተው ከኋላ በር የገቡት ኦቦ ደበሳና ጋሼ አሊ፣ ሻይ ሲጠጡ የነበሩ አራት አምስት ሰዎች፣ እና ጆንያው። ውጭ ንቡ ይጮሃል። ሰው ሆኖ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልምና አንዱ ሻይ ጠጪ ሳጅንን "እንግዲህ አጋጣሚ ካገኘሁሽ አይቀር" ብሎ ስለ ወንድሙ አጥር ጀመረ። ሌላው ገባበት። ሌላዋ ስለዚያው አጥር ሌላ ታሪክ አመጣች። ሳጅን አፍንጫዋ እንደ ድንች አብጦ፣ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች። አጥሩ ሊስማማ ትንሽ ሲቀረው ከጆንያው ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ለመሆኑ ይህ ንብ የማን ነው?"

ሦስቱም በአንድ ላይ መለሱ። ኦቦ ደበሳ ስለ ዓይናቸው፣ ጋሼ አሊ ስለ እጃቸው፣ ሳጅን ስለ መንግሥት። ጆንያው ግራ ገባው።

እትዬ ሙፊዳ ማንቆርቆሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረጉት። "አንድ ጊዜ ዝም በሉ! አሊ፣ ለደበሳ ሌላ ቀፎ ትሠራለህ፤ ስምህን በላዩ ጻፍበት፣ እንደፈለግህ አግንነህ ጻፍ። ደበሳ፣ ሚያዝያ ላይ ንብህን ወደዚያ ታዛውራለህ። ሳጥኑ ለሳጅን ይመለሳል። ማሩን አብረን እንበላለን። ማን ነው እንቢ የሚል?"

ማንም እንቢ አላለም። ሳጅን ሀረገወይን ያን ጊዜ ነው ንቡ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ደብተሯን ያወጣችው፤ ከጣቷ እብጠት የተነሣ እስክሪብቶውን በጭብጧ ይዛ ውሉን ጻፈች። ደብተሩን አይቶ የሸሸ አልነበረም፤ ደግሞስ ወዴት ይሸሻል? ኦቦ ደበሳ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ኢንስፔክተሩም ከጆንያው እጁን ብቻ አውጥቶ ምስክር ሆኖ ፈረመ።

ንቡ በረደ። በር ሲከፈት ኢንስፔክተር ሌንጮ ከጆንያው ወጣ፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል፣ ጆሮው ቆሟል። ቅጹን ከመንገድ አንስተን ሰጠነው። ተቀምጦ መሙላት ጀመረ።

"በሳጥን የተሰበሰበ ጥቆማ?"

"አንድ" አለች ሳጅን።

"አንድ ብቻ?"

"አዎ፣ ኢንስፔክተር። እሱም ስለ ሳጥኑ ነው።"

ክፍት በሆነው ዓይኑ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ዘረጋና ደብተሩን ተቀበላት። ከጥር ጀምሮ ያለውን ገጽ በገጽ ገለጠው፤ ስድሳ ሦስት ጉዳይ፣ እያንዳንዱ ከነቀኑና ከነመጨረሻው። አንዳንዱ ላይ "ታረቁ" ይላል፣ አንዳንዱ ላይ "እያየነው ነው"። ቅጹ ላይ ለቃል ጥቆማ የሚሆን መስመር አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ኪሱን ፈትሾ ማስመሪያ አጣና፣ የእትዬ ሙፊዳን የሻይ ትሪ ጠርዝ ተጠቅሞ አንድ መስመር አሰመረ፤ "በቃል፦ 63" ብሎ ጻፈበት።

"ሻይ አለ?" አለ ከዚያ፣ ወደ እትዬ ሙፊዳ ዞሮ።

"ሽቶህን ታጠብና ና" አሉት።

ሚያዝያ ላይ ኦቦ ደበሳ በጭስና በትዕግሥት ንቡን ወደ አዲሱ ቀፎ አዛወሩት። ማሩ ነጭ፣ የግራዋ ማር ነበር፤ ሁላችንም ቀመስን፣ ለኢንስፔክተሩም በብርጭቆ ተላከለት። ሳጥኑ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ያን ቀን ሳጅን ደስ አላላትም። ወደ እኔ ክፍል መጣችና ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"አሁን እኮ ምክንያት የላቸውም" አለችኝ። "ነገ ማንም አይመጣም።"

በማግስቱ ጠዋት ሽብሬ የምትባል፣ በኖፓ መንገድ በኩል የምትኖር ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ከቢሮው ፊት ቆመች። ሳጥኑን አየችው። ቀዳዳውን አየችው፤ ጆሮዋን ወደሱ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ምንም የለም። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። እኔና ሳጅን በመስኮት እናያታለን። ሽብሬ ሄደች፣ ጥቂት ርቃ ቆመች፣ ተመለሰችና በሩን ገፋ አድርጋ ራሷን ብቻ አስገባች።

"ሳጅን፣ እንዴት አደርሽ? እንዲያው ዝም ብዬ ነው የመጣሁት" አለች፤ ቀጥላም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጉዳዩ የፍየል ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀ።